ፍርፋሪ መድኃኒት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሻዬን ቡላን በገመድ ይዤ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። እግረኛ መንገዱ ዳር ያረጀች ሚዛን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን ልጅ አለ፤ ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ውሻውን ሲያይ ሚዛኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ፋዘር፣ ውሻ አንመዝንም።»

«ውሻ መዝን ማን አለህ? እኔን መዝነኝ።»

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ፤ 63። ወረድኩና ቡላን አቅፌ እንደገና ወጣሁ፤ 84። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ሁለቴ ስለወጣህ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ። ቡላ 21 ኪሎ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው የመድኃኒት ካርቶን ግን «ከ10 እስከ 20 ኪሎ» ይላል። ለአንድ ኪሎ ብዬ ተመልሼ ማስለወጥ ነበረብኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የበሬ ደረት በሜትር ለክቼ፣ በግና ፍየል በዓይኔ ገምቼ መድኃኒት ስሰጥ ጸጉሬ ሸብቷል። ውሻ መዝኜ መድኃኒት ስገዛ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የሙያ ጓደኞቼ ቢታዘቡኝ ይታዘቡኝ፤ የማፍርበት ዕድሜ አልፏል። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ወደ ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ የእኔ ስንፍና ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። በደሴና በኮምቦልቻ ውሻ ከገበታ የተረፈ አጥንት እንደሚጣልለት ሁሉ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቱም ከሌላው የተረፈ ነበር፤ ከኩራዙ፣ ከወባው፣ ከበጉ፣ ከበሬው።

የወሎ ውሻ ቦታው ደጃፍ ነው። በሙስሊሙ ቤት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል ስለሚባል ወደ ምንጣፉ ዝር አይልም። በክርስቲያኑም ቤት ያው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የረገጠ ውሻ በድንጋይ ይሸኛል። ይሁንና በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ውሻ አለ። ጎረቤቴ ሐጂ ቡላን ባዩት ቁጥር የሚያነሱልኝ የዋሻዎቹን ሰዎች ውሻ ነው፤ በሱረቱል ካህፍ እጆቹን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠውን። እኔ ደግሞ ዳዊት ሳኦልን ሲወቅስ ራሱን በሞተ ውሻና በቁንጫ መመሰሉን አነሳላቸዋለሁ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ውሻና ቁንጫ በአንድ ትንፋሽ መጠራታቸው እንደ እኔ ያለውን ባለሙያ ብዙም አይደንቀውም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ማንም ተንቆ አይመለስም ለማለት። ውሻው እዚያም ቢሆን ከበሩ ውጭ አጥንቱን ይጠብቅ እንደነበር አልጠራጠርም።

ያደግሁት ሆጤ፣ አያቴ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምት ሲገባ በጉም የምትዋጥ ከተማ ናት። ሀረጎን ቁልቁል ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ኮምቦልቻ ግን ከ1900 ሜትር በታች ናት፤ ሙቀቱም ሌላ፣ ተባዩም ሌላ። በሙያ ዘመኔ ሁሉ ያየሁት ይኸው ነው፦ የኮምቦልቻ ውሻ በመዥገር፣ የደሴ ውሻ በቁንጫ ያልቃል። መዥገሩ ከባቲና ከቆላው በሚመጣው ከብት ላይ ተንጠልጥሎ ይደርሳል። ቁንጫውን ግን ብርዱ ራሱ ከሰውና ከውሻ ጋር አንድ ቤት ያስገባዋል።

አያቴ ከቁንጫ ጋር የነበራትን ጠብ የተረዳሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ዓርብ ዓርብ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። እበቱ ሲደርቅ የወለሉን ስንጥቅ ይደፍናል፤ አቧራውንም ያስራል። ቁርበቱንና ሰሌኑን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣና በዱላ ትወግራቸዋለች። በሩን ዘግታ ጥንጁት ታጨሳለች፤ እኛ ልጆች ዓይናችን እያነባ ውጭ እንጠብቃለን። ለውሻው ብላ የምታደርገው አንድም ነገር ግን አልነበረም። ከምድጃው የወጣውን አመድ የትም ከምትደፋው ብላ እሱ የሚተኛበት ጥግ ላይ ትበትነዋለች። ጭንቅላታችን ቅማል ያፈራ እንደሆነ የዝግጣ ቅጠል ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ታጥበናለች፤ ድግጣ የሚሉትም አሉ። በሳፋው የቀረውን አረንጓዴ ውሃ ውሻው ላይ ትደፋዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚህ ቅጠል ጭማቂ በላብራቶሪ ተፈትኖ መዥገርን ሽባ እንደሚያደርግ ሳነብ ያ ሳፋ ትዝ አለኝ። ያ ውሻ ከደሴ ውሾች ሁሉ የተሻለ ሕክምና ያገኘው በእኛ ቅማል ሰበብ ነው።

መዥገር ሲገኝበት በጣት ተነቅሎ ፍም ላይ ይጣላል። ጧ ሲል እንስቃለን። ጆሮ ውስጥ ገብቶ አልነቀል ያለውን ከኩራዙ ላምባ በጨርቅ ነክራ ትቀባዋለች፤ ውሻው ሲቃጠልበት ጊዜ አዝዋ ገደል የሚገባ እስኪመስል ይሮጣል። ላምባ ቆዳ ይልጣል፤ ውሻው ከላሰው ደግሞ ሳንባውን ይጎዳል። ይህን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ላምባው የተገዛው ለመብራት ነው፤ ለውሻው የደረሰው ከኩራዙ ሥር የቀረው ነው።

ኅዳር 12 ግን ለቁንጫ የፍርድ ቀን ነበር። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ የተያያዘው በ1911 ዓ.ም. አገሩን ከፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ካለው፣ ጋር ነው። ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ አሮጌ ጭዱንና ድሪቶውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ከተማው በጭስ ይታፈናል። በዚያ ጭስ ኢንፍሉዌንዛ ስለመሞቱ እኔ አልምልም። የውሻው የመኝታ ጭድ አብሮ ስለሚነድ ግን አንድ ትውልድ ቁንጫ ያልቅ ነበር። የእኛ ውሻ ያን ሌሊት ባዶ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ሲያድር ትዝ ይለኛል።

«ፍሊት» የሚለውን ቃል ደሴ ማን እንዳመጣው እንጃ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ አማርኛ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ስታንዳርድ ኦይል ለገበያ ያቀረበው፣ በቆርቆሮ ፓምፕ የሚረጭ የዝንብና የትንኝ ዘይት ስም ነው። ድርጅቱን የሚያስታውስ የለም፤ ስሙ ግን እኛ ዘንድ ለማንኛውም የተባይ መርጫ ቀርቷል። ዛሬም የሆጤ ባለሱቅ «ፍሊት ስጠኝ» ቢሉት የፈለገውን ዓይነት አውጥቶ ይሰጣል። ቤቱ ተረጭቶ ሲያበቃ የመጨረሻዋ አንድ ሁለት ግፊት የማን እንደነበረች መገመት አያቅትም።

ከዚያ ዲዲቲ መጣ። ዲዲቲ በኬሚስቶች እጅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1874 ቢሆንም ነፍሳት ገዳይ መሆኑን ስዊሱ ፓውል ሙለር የደረሰበት በ1939 ነው፤ በ1948 ኖቤል ተሸልሞበታል። በጦርነቱ መሐል ኔፕልስ ከተማ ተስቦ ሲነሳ ሕዝቡ ተሰልፎ በአንገትጌውና በእጅጌው በኩል ዱቄቱ እየተነፋለት ወረርሽኙ ተገታ። ዱቄቱ የታሰበው ለወታደርና ለሰው ቅማል ነበር። ወደ እኛ በብዛት የመጣው ደግሞ በወባ ሰበብ ነው፤ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ።

ደሴ ብርድ ስለሆነች ወባ የላትም፤ ኮምቦልቻ ግን አላት። አክስቴ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ትኖር ነበርና ለዕረፍት እሷ ዘንድ ስንሄድ የወባ ሠራተኞቹን አይ ነበር። ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ እነሱ በፓምፕ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ነጭ አድርገው ረጭተው በሩ ላይ ቁጥር ጽፈው ይሄዳሉ። ሕዝቡ የወደዳቸው ለወባው ብሎ አይደለም። ወባ የሚጠፋው በዓይን አይታይም፤ ትኋንና ቁንጫ ግን ጠዋት በመጥረጊያ ይዛቃል። አክስቴ ለሠራተኞቹ ቡና አፍልታ፣ «እንደው ለዚህም ከተረፋችሁ» ብላ ውሻውን ታሳያቸው ነበር። ረጩለት። አንዱ እንዲያውም እጁን አስገብቶ አሸው። ውሻው ሁለት ሦስት ወር ሳያክክ ከረመ። አክስቴ በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኞቹን እንደ ዘመድ ነበር የምትጠብቃቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን ትኋኑም ቁንጫውም ለመደው። መድኃኒቱን መልመድ ስንል የኖርነው ይህን ነው፤ ደካማው ሲሞት የተረፈው ይራባል፤ ልጆቹም እንደሱ ናቸው።

የደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደብረ ዘይት ገብቼ ሙያውን ተማርኩ። ዓመታት አልፈው ያን ጊዜ የጻፍኳቸውን ደብተሮች ገልጬ ነበር። ስለ በሬ ሁለት ደብተር፣ ስለ በግና ፍየል አንድ፣ ስለ ዶሮ ግማሽ አለ። ስለ ውሻ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም ስለ እብደት ናቸው። ይህም ታሪክ አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ በጻፈው ጥናት አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1903 የተነሳውን ወረርሽኝ አስፍሯል። ውሻ የመንግሥት ጉዳይ የሚሆነው ሲያብድ ነው። ከእብደት ክትባቱ በቀር፣ በአገራችን ከተሞች ለውሻ ተብሎ በስሙ የተገዛ ነገር ቢኖር ማዘጋጃ ቤቶች በሥጋ ለውሰው ባለቤት ለሌለው ውሻ የሚጥሉት መርዝ ነበር።

አሁን ወደ በጉ ልምጣ፤ ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ አለ። ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ ደጋ የሚመጣ ሌጦ በዓይን ሲያዩት ምንም የለበትም። ጸጉሩ ተገፎ በኬሚካል ሲታጠብ ግን እንደ ሽፍታ ነቁጥ ነቁጥ ብሎ ይወጣል። «እከክ» ይሉታል፤ በጉ ግን ሁልጊዜ እከክ ይዞት አይደለም። በጸጉሩ ውስጥ የምትኖር ክንፍ የሌላት ዝንብና ቅማል ሲነክሱት ቆዳው ተቆጥቶ ያ ምልክት ይቀራል። ያ ሌጦ ደረጃው ይወርዳል ወይም ይጣላል። «ከቁንጫ ሌጦ» የሚባለውን ተረት በልጅነቴ የስስታም ስድብ አድርጌ ነበር የማውቀው። ኮምቦልቻ ላይ ቁንጫ የምታክል ነፍሳት ሌጦውን ስታሳጣን አየሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀረ ውጫዊ ጥገኛ ዘመቻ በክልሉ ተጀመረ። ዲያዚኖን 60 በመቶ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ሒሳብ እየበጠበጥን፣ መርጫውን በጀርባችን አዝለን፣ አንዱን በግ በአሥራ አራት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ እንረጫለን። ሁለተኛው ርጭት ያስፈለገው ከመጀመሪያው ያመለጠው ዕንቁላል ሲፈለፈል ለመድረስ ነው። አቀስታ አካባቢ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እረኞቹ በጎቻቸውን አስረጭተው ሲጨርሱ ከኋላ የቆመውን ውሻ እየገፉ ያመጡታል። «አያ ሐኪም፣ ይኼም እኮ ከነሱ ጋር ነው የሚውለው።» እውነታቸውን ነው። በፓምፑ ሥር የቀረችውን ረጨሁለት። ስንት መቶ ውሻ እንዲህ እንደረጨሁ አላውቅም፤ መዝገቡ ላይ የውሻ ዓምድ አልነበረም።

የተበጠበጠው ሳይሆን ያልተበጠበጠው ነው ጉድ ያደረገኝ። አንድ ቀን ከመስክ ስመለስ በሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ትንሽ ዲያዚኖን ይዤ ቤት ገባሁ። ያኔ መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። ልጄ «አባዬ፣ ጆሮው በመዥገር ተሞልቷል» አለችኝ። ደክሞኛል፤ መለኪያ ስሪንጅ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ለማውጣት ሰነፍኩ። ባልዲ ውስጥ በዓይኔ ለክቼ ጠብ አደረግሁና በጨርቅ አሸሁት። በግ ላይ ባደርገው ኖሮ ራሴን ከሥራ አባርር ነበር። ሲመሽ መቻል ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ እንባው ይወርዳል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፤ ቆሞ ሸና። ዲያዚኖን ነርቭ ከነርቭ የተነጋገረበትን ኬሚካል የሚጠርገውን ኢንዛይም ያስራል፤ በተባዩም በውሻውም በሰውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። እንደ ዕድል አትሮፒን ነበረኝ፤ ወጋሁት። ሌሊቱን ሁሉ አጠገቡ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ለሱብሒ ሲወጡ አገኙኝና ምንም ሳይጠይቁ «አብሽር» ብለውኝ አለፉ።

መቻል ተረፈ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሯል። ግን ጋዋኔን ለብሼ ስገባ ካየ ከአጥሩ ሥር አይወጣም ነበር።

ከዲያዚኖኑ ቀጥሎ አይቨርሜክቲን ወደ ውሻው ወረደ። ይህም የሌላ ሰው ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ጎልፍ ሜዳ አጠገብ ካፈሰው አፈር የወጣ፣ ዊልያም ካምቤል አሜሪካ ላይ የሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለከብት የወጣ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። በእኛ ገበያ በ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለበሬና ለበግ ይመጣል፤ መጠኑ ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር። 15 ኪሎ ውሻ ላይ ሲሰላ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሢሶ አይሞላም፤ በከብት ስሪንጅ ይህን መለካት በመዶሻ ሰዓት እንደመጠገን ነው። የኮሊ ዝርያ ውሾች ደግሞ ብዙዎቹ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚጠብቀው በር ስለሌላቸው ሊሞቱበት ይችላሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቁንጫን እምብዛም አይነካም። ሰው ግን ይወጋል፤ መርፌ ከሆነ ያድናል የሚል እምነት አለና።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ እኛም ወጣን። ቡላ ያኔ ቡችላ ነበር፤ ይዘነው ሄድን። የኋላ ጎረቤቶቻችን ውሾች ግን ደጃፍ ላይ ቀሩ። በታኅሣሥ ስንመለስ ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ውሻም ሰውም አልነበረበትም። በሩን ከፍቼ ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ነጭ ካልሲዬ ጠቆረ። ቁንጫ ነው። ከየት መጣ? የቁንጫ ትል ወለል ላይ ድር ፈትሎ፣ ኩብኩባ ሆኖ ድሩ ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችላል። የሚጠብቀው የእርምጃ ንዝረት፣ ሙቀትና ትንፋሽ ነው። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። በመጽሐፍ የማውቀውን ነገር በካልሲዬ ላይ አየሁት።

ያን ሰሞን ነው ከቤሩት የተመለሰችው የጎረቤታችን ልጅ ያስተማረችኝ። ብዙ የወሎ ልጆች በዓረብ አገር ቤት ይሠራሉ። እሷ ከ2012ቱ የሊባኖስ ችግር በኋላ ከተመለሱት አንዷ ናት። ስጨነቅ አይታ «ጋሼ፣ ለማዳም ውሻ አንገት ላይ ጠብ የማደርገውን ቢያገኙ ይሻል ነበር» አለችኝ። ውሻዋን ማዳም ከእኔ አብልጣ ነበር የምትወዳት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። በወር በወር የውሻዋን መድኃኒት የምታደርገው እሷ ነበረች። የማዳም ድመት ግን አንድ ጊዜ በውሻዋ መድኃኒት ልትሞት ደርሳ፣ ሐኪም ቤት ይዛት የሮጠችው እሷ ናት።

አንዱ ዘመድ ከአዲስ አበባ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሁለት ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ካርቶኑ ላይ የውሻ ሥዕል አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሥዕሉን ደጋግሜ አየሁት። በሬም በግም የለበትም።

አከፋፈቱን እኔ ሐኪሙ አላወቅሁበትም። እሷ ነጠቀችኝ፣ የፕላስቲኳን አንገት ቀጭ አደረገችና ቡላን በጉልበቶቿ መሐል ያዘችው። በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል ጸጉሩን ገመሰች፤ ነጩ ቆዳ ታየ። እዚያ ቆዳው ላይ ጨመቀችው። እኔ በልማዴ እጄን ልሰድ ስል፦

«ጋሼ፣ አይሹት! ራሱ ይሄዳል።»

ራሱ ይሄዳል። ፊፕሮኒል የሚባለው ይህ መድኃኒት በፈረንሳዩ ሮን ፑላንክ እጅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተገኝቶ በ1990ዎቹ ፍሮንትላይን በሚል ስም ለውሻ የወጣ ነው። በደም አይዞርም ማለት ይቻላል። በቆዳው ቅባት ላይ ተንሳፍፎ በአንድ በሁለት ቀን ሰውነቱን ያለብሰዋል፤ በቅባት ዕጢዎቹ ውስጥ ተጠራቅሞ አንድ ወር ያህል ቀስ በቀስ ይወጣል። ለዚህ ነው በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከፊትም ከኋላም፣ በሳሙና የማይታጠበው፤ ሳሙና ቅባቱን ይዞት ይሄዳል። ለዚህም ነው ጸጉር ላይ የፈሰሰው ከንቱ የሚሆነው። ትከሻ መሐል የተመረጠው ደግሞ የውሻው ምላስ ስለማይደርስበት ነው። በጀርባ ላይ የማፍሰሱ ዘዴ ራሱ ግን አስቀድሞ የከብት ነበር፤ ሌላው ዓለምም ከበሬው ነው ወደ ውሻው ያሻገረው። ፍርፋሪው የእኛ ብቻ አይደለም።

መጠኑን ካርቶኑ ይናገራል፤ እስከ 10 ኪሎ 0.67 ሚሊ ሊትር፣ እስከ 20 1.34፣ እስከ 40 2.68። ቀጥ ያለ እጥፍ ስለሆነ ሰው የትልቁን ገዝቶ ለሦስት ውሻ ማከፋፈል ያምረዋል፤ ዋጋው አይቀመስምና አልፈርድበትም። ግን ጨምቀው በግምት ሲያካፍሉት አንዱ ይበዛበታል፣ አንዱ ያንሰዋል። ያነሰው ቁንጫውን አይገድልም፤ ያስለምደዋል። ያንን ፊልም ኮምቦልቻ በዲዲቲ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ደግሞ አይደረግለትም፤ በእጅና በማበጠሪያ ይለቀማል።

ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሲያዩን ኖረዋል። እሳቸው ድመት አለቻቸው።

«ለድመቴም ትንሽ ቢተርፍ?»

«ሐጂ፣ ይቺን አይጠይቁኝ።»

የውሻ ጠብታ ከሚባሉት ውስጥ ፐርሜትሪን ያለባቸው አሉ። የድመት ጉበት እሱን የሚያፈርስበት አቅም የለውም፤ ለውሻ የታሰበው አንድ ጠብታ ድመትን አንቀጥቅጦ ሊገድላት ይችላል። የማዳምን ድመት ያገኛት ይኸው ነው። ድመትና ውሻ አብረው በሚያድሩበት ቤት ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ኪሎው ሳይሆን ይህ ቃል ነው። ሐጂን ይህን ሳስረዳቸው ድመቷን አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጓትና ቡላን በጥርጣሬ አዩት።

የሚዋጥ ክኒንም ወጥቷል፤ ፍሉራላነር የሚባለው ሦስት ወር ገደማ ይቆያል። እኔ እጅ አልደረሰም፤ ስለማላውቀው ነገር ብዙ ማውራት አልወድም።

ቡላ ላይ በሦስተኛው ቀን ሕያው ቁንጫ አላገኘሁም። ቤቱ ውስጥ ግን ለሳምንታት መዝለላቸውን አላቆሙም። መድኃኒቱ ተጭበርብሮ ይሆን ብዬ ተጠራጥሬ ነበር። በኋላ ነው ያሰብኩት። ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው ይባላል። የቀረው ዕንቁላል፣ ትልና ኩብኩባ ሆኖ ወለል ላይ፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ መኝታ ላይ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ አርባ ሃምሳ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕንቁላሉ ውሻው ላይ አይጣበቅም፣ እንደ ጨው ይረግፋል። አያቴ እበቷን፣ አመዷን፣ ጥንጁቷንና ዱላዋን ይዛ ስትዋጋ የኖረችው ከዘጠና አምስቱ ጋር ነበር። ውሻውን ነው የረሳችው። እኔ ደግሞ ውሻውን አስታውሼ ወለሉን ረሳሁ። ቤቱ ዛሬ ሲሚንቶ ነው፤ እበት የለም። የቡላን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እቀቅላለሁ፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ኅዳር 12 የመኝታ ጭዱን ደጅ አውጥቼ አቃጠልኩለት። ሐጂ ጭሱ ልብሳቸው ላይ እንዳይገባ አጥሩን ይዘው «የናንተ ሚካኤል ዘንድሮም መጣ» አሉኝ።

መድኃኒቱን ካስለወጥኩ በኋላ ያን ቅዳሜ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ባለሚዛኑ ልጅ ካርቶኑን አይቶ ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። ባለፈው ወር የተጠቀምኩባትን ባዶ ፕላስቲክ ከካርቶኑ ጋር አይቶ አነሳትና በፀሐይ በኩል ያዛት።

«ፋዘር፣ ሥሩ ላይ ትንሽ አለች። ለኔዋ አትበቃም?»

«የምን ያንተ?»

መንገዱን ተሻግሮ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የተኛች አንዲት ግልገል የምታክል ቀይ ውሻ አሳየኝ። ስም እንኳ የላትም፤ ሌሊት አብራው ነው የምታድረው። ፕላስቲኳን ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩ።

«አምጣትና መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ አውጣት፤ ስንት ኪሎ እንደሆነች እንወቅ።»

«እሷን እንኳ በነጻ ነው» አለና መኪና ሳያይ ተሻገረ።